ከጥጥ ብናኝ የተረፈ ዜማ

ካንትሪ ሙዚቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ዐይን ላይ ድቅን የሚለው ሰፊ ባርኔጣ፣ ፈረስና ጭር ያለ ተራራ ነው። በኬኒ ሮጀርስና በዶሊ ፓርተን ካሴት ጆሮውን ያሟሸው የአዲስ አበባ አድማጭ ቀርቶ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሙዚቃው ከአፓላቺያን ሸንተረር የወረደ፣ ከተማ ያልነካካው የገበሬ ቅርስ ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ሲያምኑ ኖረዋል። የሸክላ ኩባንያዎቹ መዝገብ ግን ይህን እምነት አይደግፍም። በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ሙዚቃ በሸክላ ካስቀረጹት ቀደምት ተጫዋቾች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ከደቡቡ የጥጥ ፋብሪካዎች የመጡ ነበሩ፤ ቀን ከማሽን ጋር ሲታገሉ ውለው ማታ ባንጆ የሚያነሡ ፈታዮችና ሸማኔዎች። ታሪክ ጸሐፊው ፓትሪክ ሁበር በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሰፊው አሳይቷል። እኔ በዚያ ላይ ልጨምር የምፈልገው ስለ አጠባበቁ ነው። ሙዚቃው ለዛሬ የደረሰው በፋብሪካው ውስጥ በማለፉ ነው፤ ቅርሱን እናቆይ ብለው ከተነሡትም ሰዎች ፍሬውን ያተረፉት ዜማውን ከሠራተኛው ሕይወት ሳይነጥሉ የያዙት ናቸው። የነጠሉት ግን ብዙ ጊዜ ገለባውን ነው ይዘው የቀሩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው። ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ሁለቱን ካሮላይናዎች አቋርጦ ጆርጂያንና አላባማን የሚነካ፣ በተራራውና በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ መካከል የተዘረጋ ወጣ ገባ አገር አለ፤ ፒድሞንት ይሉታል። በተለይ ከ1880ዎቹ ጀምሮ የአካባቢው ነጋዴዎችና ባለ ገንዘቦች በየወንዙ ፏፏቴና በየባቡር ሐዲዱ አጠገብ የጥጥ ፋብሪካ ይተክሉ ጀመር። የጥጥ ዋጋ ወድቆ በዕዳ የተዘፈቀው የእኩል አራሽም፣ ከተራራው የወረደው ባለ ትንሽ ማሳም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፋብሪካው ገባ። ፋብሪካው የሚቀጥረው መላውን ቤተሰብ ነበር ማለት ይቻላል። መኖሪያ ቤቱ የኩባንያው ነው፤ መደብሩ የኩባንያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱም ብዙ ጊዜ በኩባንያው ገንዘብ የቆሙ ናቸው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከደቡቡ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ነበር፤ ሥራው ደግሞ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚህ መንገድ ፒድሞንት በ1920ዎቹ ጥንታዊውን የጨርቃ ጨርቅ ማዕከል ኒው ኢንግላንድን ቀድሞ ወጣ።

እንዲህ ያለው ኑሮ ዘፈንን ይገድላል እንጂ ያለማል ብሎ የሚጠብቅ አይኖርም። ሆኖም አለማው፤ ለምን እንደ ሆነም ማየት አይከብድም። በገጠር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ማሳና ጫካ ነው። በፋብሪካው ሰፈር ግን ቤቶቹ ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸውና አንዱ በረንዳ ላይ የተነሣ ፊድል፣ ማለትም በገበሬ ለዛ የሚመታ ቫዮሊን፣ አምስት ቤት ተሻግሮ ይሰማል። ከየአውራጃው የመጡት ቤተሰቦች ይዘው የመጡት ዜማ የተለያየ ነበርና አንዱ የሌላውን ይቀስማል። ደመወዝ በገንዘብ ሲከፈል ደግሞ፣ ምንም ጥቂት ቢሆን፣ ጊታሩንና ባንጆውን በፖስታ ከሚልኩ መደብሮች ማዘዝ ተቻለ። ባቡሩ ተዘዋዋሪ ትርኢተኞችንና የከተማ ዘፈኖችን አመጣ። ጥቁር አሜሪካውያን ከማሽን ሥራው በአብዛኛው ተገልለው ነበር፤ ሳውዝ ካሮላይና እንዲያውም በ1915 ነጭና ጥቁር በአንድ የፋብሪካ ክፍል አብረው እንዳይሠሩ በሕግ ደነገገች። ዜማ ግን ድንጋጌ አያውቅም። የባንጆው ዘር ራሱ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ይዘውት የመጡት ነው፤ ብሉዙና ራግታይሙም በጓሮ በር ገብቶ ከነጩ ሠራተኛ ጣት ላይ አረፈ። የፋብሪካ ሰፈር ሙዚቃ ስንል እንግዲህ ድሩ ከአንድ አገር፣ ማጉ ከሌላ የመጣ ጨርቅ ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ የተራራው ወገን መከራከሪያ ያነሣል፦ ሥሩ ከተራራው ነው፤ ፋብሪካው የተቀበለው ያለቀ ነገር ነው ይላል። በከፊል እውነት ነው፤ ማንም የሚክደው የለም። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ ከ1916 እስከ 1918 በአፓላቺያን ተራሮች ተዘዋውሮ ወደ 1,600 የሚጠጋ ዜማ ጽፎ ወስዷል። ግን ሻርፕ ይፈልግ የነበረው ከእንግሊዝ የተሻገረውን የጥንት ባላድ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገውን አገኘ። ተራራውን ለቆ ወደ ፋብሪካ የወረደው ዘፋኝ በእሱ ሚዛን የተበረዘ ነበርና መዝገቡ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ የመጀመሪያው የአጠባበቅ ስሕተት ነው፤ ንጹሑን ብቻ ለማዳን የወጣ ሰው ሕያው የሆነውን ዘሎ ያልፋል። የፋብሪካው ሰፈር ሰዎች በከተሜው ዘንድ የነበራቸው ስም ደግሞ አያድርስ ነው። ከሥራ ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ ጥጥ ስለሚታይ «ሊንትሄድ»፣ እንደ ማለት «ብናኝ ራስ»፣ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሸመነለትን ኩታ ደርቦ ቤተ ክርስቲያን ለሚስም አገር ሰው ይህ ዓይነቱ ንቀት ብዙ ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም።

ሙዚቃው ወደ ሸክላ የገባው በአትላንታ በኩል ነው። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ ካቤጅታውን የሚባል ሰፈር አለ፤ ከፉልተን የጆንያና የጥጥ ፋብሪካ ግንብ ሥር የተሠራ የሠራተኛ መንደር ነበር። በ1914 በፋብሪካው የተነሣው የሥራ ማቆም አድማ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በሠራተኞቹ ሽንፈት አበቃ። ከአድመኞቹ አንዱ ጆን ካርሰን ነበር፤ ከ1913 ጀምሮ በከተማዋ በሚካሄደው የፊድል ውድድር በተደጋጋሚ ያሸነፈ፣ ከዚያ ወዲያም እንጀራውን በጎዳናና በመድረክ የፈለገ ሰው። ካርሰንን እንደ ቅዱስ ማቅረብ አይቻልም። በ1913 ሜሪ ፌጋን የተባለች የ13 ዓመት የእርሳስ ፋብሪካ ሠራተኛ ተገድላ አይሁዳዊው ሥራ አስኪያጅ ሊዮ ፍራንክ ሲከሰስ፣ ካርሰን በሰውዬው ላይ ግጥም ገጥሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ አዜመ። በ1915 ሰዎች ፍራንክን ከእስር ቤት አውጥተው ሰቀሉት፤ ጆርጂያ ከሞተ በኋላ ይቅርታ ያደረገችለት በ1986 ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ የድሃ ልጅ ሞት ያስነሣው ትክክለኛ ቁጣና የጭፍን ጥላቻ መርዝ አንድ ላይ ተገምደዋል። ቅርስ ጠባቂው እንዲህ ያለውን ዘፈን ቢጥለው ታሪኩን ያጎድላል፤ ያለ ማብራሪያ ቢያቀርበውም ሐሰቱን ደግሞ መንዛት ይሆንበታል። ከነታሪኩ ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ አይታየኝም።

በሰኔ 1923 የኦኬ ሸክላ ኩባንያው ራልፍ ፒር ወደ አትላንታ መጥቶ በናሶ ጎዳና በሚገኝ ሕንፃ ውስጥ ጊዜያዊ መቅረጫ ተከለ። የካርሰን አዘፋፈን ለጆሮው ጭራሽ አልጣመውም። የአካባቢው ነጋዴ ፖልክ ብሮክማን ግን ገበያውን ያውቅ ነበርና 500 ቅጂ አዘዘ፤ ወዲያው ተሸጦ አለቀ። የገዙት እነማን ነበሩ? ከፋብሪካ ሰፈር ወጥቶ በሬዲዮና በጎዳና ስሙን የተከለውን ሰው የሚያውቁት ናቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቨርጂኒያዋ ፍራይስ የፋብሪካ ከተማ ሄንሪ ዊተር የተባለ ሠራተኛ ኒው ዮርክ ሄዶ ስለ ባቡር አደጋ የሚናገር ዘፈን አስቀረጸ፤ አደጋው በ1903 በሌላዋ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ በዳንቪል አጠገብ የደረሰ ነው። ከዚያችው ፍራይስ ፋብሪካ ኬሊ ሃረልም ተከተለ። አንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ሁለት ቀደምት የሸክላ ድምፃውያን ማፍራቷ በአጋጣሚ ብቻ የሚተረጎም አይደለም።

የዚህ ትውልድ ራስ ግን ቻርሊ ፑል ነው። በ1892 በኖርዝ ካሮላይና ተወልዶ ከልጅነቱ የጥጥ ፋብሪካ ገባ፤ ኋላም ስፕሬይ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ኖረ። ኳስ በባዶ እጁ እቀልባለሁ ብሎ ተወራርዶ ጣቶቹ ተሰበሩና እንደ ተቆለመሙ ጠገኑ፤ ባንጆውን በሦስት ጣት የሚነካበት መንገድ ከዚህ ጉዳት ጋር ይያያዛል ይባላል። በሐምሌ 1925 እሱ፣ ፊድል ተጫዋቹ ፖዚ ሮረርና ጊታር ተጫዋቹ ኖርማን ውድሊፍ ኒው ዮርክ ወርደው ለኮሎምቢያ ኩባንያ አራት ዘፈን ቀረጹ። ሦስቱም የተከፈላቸው በድምሩ 75 ዶላር ነው፤ የመጀመሪያው ሸክላ ግን ከ100,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። የፑልን ዘፈኖች አንድ በአንድ ብንመረምር የተራራ ባላድ፣ የከተማ ቲያትር ዘፈን፣ ብሉዝና ራግታይም ተደባልቀው እናገኛቸዋለን። ጊታሩ ፊድሉን፣ ፊድሉ ባንጆውን ሳይረግጥ እያንዳንዱ በልክ የሚገባበት አጨዋወታቸውም የተለማመደ፣ የተስተካከለ ነው። ይህ ከጫካ በድንገት የወጣ ድምፅ ሊሆን አይችልም። ፑል በግንቦት 1931 ለሳምንታት ከዘለቀ መጠጥ በኋላ በ39 ዓመቱ ሞተ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል፦ ሸክላው ሙዚቃውን ሸቀጥ አደረገው፤ በነጻ በረንዳ ላይ ይዘፈን የነበረው በሦስት ደቂቃ ተቆርጦ ለገበያ ቀረበ፤ ስለዚህ ጥበቃ ሳይሆን ዝርፊያ ነው። ክፍያውን ላየ ዝርፊያ የሚለው ቃል አይበዛም። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ያንን ትርፍ ባያሳድዱ ኖሮ የፑልን ድምፅ ዛሬ የሚያውቅ አንድ ሰው አይኖርም ነበር፤ በዘመኑ የነበረ ምሁር ማሽን አስይዞ ወደ ስፕሬይ አልሄደለትም። የገበያው ጥፋት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ የሚሸጠውን መረጠ፣ የማይሸጠውን ተወ። በሚያዝያ 1929 በጋስቶኒያ ከተማ በሎሬይ ፋብሪካ የተነሣው አድማ ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ኤላ ሜይ ዊጊንስ የ28 ዓመት ፈታይ ነበረች፤ በሳምንት ዘጠኝ ዶላር ታገኛለች፤ አራት ልጆቿን በትክትክ ቀብራለች። በጥቁሮች ሰፈር ትኖር ነበርና ጥቁር ሠራተኞች ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ እንዲገቡ ትቀሰቅሳለች። በሰፈሩ በሚታወቁ ዜማዎች ላይ ስለ እናቶችና ስለ ልጆቻቸው አዲስ ቃል እየገጠመች በአድማው ስብሰባ ላይ ታዜም ነበር። መስከረም 14 ቀን 1929 ከጓደኞቿ ጋር በጭነት መኪና ወደ ስብሰባ ስትሄድ በጥይት ተገደለች፤ የተከሰሱት ሰዎችም በነጻ ተለቀቁ። ድምፅዋን የቀረጸ ኩባንያ የለም። ግጥሞቿ የተረፉት ጸሐፊዋ ማርጋሬት ላርኪን ስለ ግጥሞቹና ስለ ሴትየዋ ኑሮ በኒው ዮርክ መጽሔቶች ስላሳተመች ነው።

የገበያ ወንፊት ግን አንዳንዴ ቀዳዳው ይሰፋል። በግንቦት 1930 የጋስቶን አውራጃው ፋብሪካ ሠራተኛ ዴቭ ማካርን በሜምፊስ ለቪክተር ኩባንያ «ኮተን ሚል ኮሊክ» የተባለውን ዘፈን ቀረጸ። የሠራተኛውን ዕዳና ባዶ ኪስ በቀልድ የሚያነሣ ነው፤ ኩባንያው ያሳለፈው ምናልባትም ቀልድ ስለ መሰለው ይሆናል። ቀልዱ ግን ኤላ ሜይ በእንባ የተናገረችውን ነገር በሳቅ የሚናገር ሰምና ወርቅ ነው። ኢኮኖሚው እየደቀቀ በመሄዱ ሸክላው ብዙ ገዢ አላገኘም።

በ1930ዎቹ ዋናው መድረክ ሬዲዮ ሆነ። በኖርዝ ካሮላይና የምትገኘው ሻርሎት፣ በጥጥ ፋብሪካዎች የተከበበችው ከተማ፣ ከ1922 ጀምሮ ደብልዩ ቢ ቲ የተባለ ጣቢያ ነበራት። በ1934 ክሬዚ ዋተር ክሪስታልስ የተባለ የሆድ ማጠቢያ ጨው ሻጭ ድርጅት የቅዳሜ ምሽት የሙዚቃ ዝግጅት በገንዘብ መደገፍ ጀመረ። ከ1936 እስከ 1938 ቪክተር በሻርሎት ያካሄደው ቀረጻ ብዛት ያኔ በናሽቪል ከነበረው የሚበልጥ ነው። ያ ዘመን ሰላማዊ እንዳይመስለን፤ በመስከረም 1934 አንድ ሸማኔ የሚቆጣጠራቸውን ማሽኖች ቁጥር ማብዛት፣ እነሱ «መለጠጥ» የሚሉት አሠራር፣ ከሌሎች ቅሬታዎች ጋር ተዳምሮ በመላ አገሪቱ ወደ 400,000 የሚደርሱ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ለአድማ አስነሣ። በሳውዝ ካሮላይናዋ ሃኒያ ፓዝ ሰባት ሰዎች ተገደሉ። አድማው ከከሸፈ በኋላ በደቡቡ ስለ ማኅበር ማውራት ለአንድ ትውልድ ያህል አስፈሪ ሆነ። በሌላ መንገድ የማይነገረውም ነገር ወደ ዘፈን ገባ።

የዲክሰን ወንድማማቾች የመጡት ከዚህ ነው። ዶርሲ ዲክሰን በ12 ዓመቱ ፋብሪካ ገባ፤ እሱና ወንድሙ ሃዋርድ ኢስት ሮኪንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ይኖሩ ነበር። በ1931 ገደማ ጂሚ ታርልተን የተባለው እውቅ የስቲል ጊታር ተጫዋች በዚያው ፋብሪካ ለመሥራት መጣ። ከሰውዬው አጨዋወት የቀሰሙት ነገር የወንድማማቾቹን ድምፅ ቀረጸው። ከ1936 እስከ 1938 ከ50 በላይ ዘፈን በሸክላ አስቀሩ፤ ከነዚህ አንዱ «ዊቭ ሩም ብሉዝ» ስለ ሽመናው ክፍል ጩኸትና ብናኝ ነው። ሌላው ዶርሲ የመኪና አደጋ አይቶ የጻፈው ነው፤ ዘፋኙ ሮይ ኤከፍ በ1942 «ሬክ ኦን ዘ ሃይዌይ» ብሎ ሲዘፍነው በመላ አሜሪካ ታወቀ። ዶርሲ በደራሲነቱ ተከራክሮ የተወሰነ ገንዘብ ቢያገኝም ከፋብሪካው ግን አላወጣውም። ሃዋርድ በ1961 የሞተው ሥራው ላይ እንዳለ ነው።

ከ1940ዎቹ በኋላ ያለው ዘመን የመርሳት ነው። ሸክላ እንደ ስሙ ተሰባሪ ነው፤ በ1942 ጦርነቱ ከእስያ የሚመጣውን የሸክላ መሥሪያ ሙጫ ሲያስቸግር ኩባንያዎቹ አሮጌ ሸክላ ከየቤቱ እየሰበሰቡ ለአዲሱ መሥሪያ ይፈጩት ጀመር፤ የፑልና የማካርን ድምፅ ስንቱ በዚህ ወፍጮ እንዳለፈ መገመት አያዳግትም። ኩባንያዎቹ የሠራተኛ ቤቶቹን መሸጥ ጀመሩ፤ ሠራተኛውም መኪና ገዝቶ ከሰፈሩ ወጣ። ሆኖም በዚያው ሰዓት የፋብሪካው ጓዳ ሌላ ነገር እየወለደ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ኤርል ስክራግስ የተባለ ወጣት በሼልቢ ከተማ በሊሊ ፋብሪካ ክር ይሠራ ነበር። በ1945 መጨረሻ የቢል ሞንሮን ቡድን ተቀላቅሎ ዓለም ብሉግራስ ብሎ የሚያውቀውን የሦስት ጣት ባንጆ ይዞ ብቅ አለ። ሦስት ጣቱ ያ የካሮላይና ሦስት ጣት ነው፤ በፑልና በባንጆ ተጫዋቹ ስናፊ ጄንኪንስ ዘመን በፋብሪካውና በእርሻው መካከል ሲብላላ የቆየ። ይህ ለክርክሬ ጠቃሚ ማስረጃ ይመስለኛል፤ ማንም ጠባቂ ሳይሾምለት፣ ሸክላውም እየተፈጨ፣ ባህሉ በጣት ላይ አድሮ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጠባቂዎች ከሌላ ዓለም ነበሩ። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለው አርቲስት ካጠራቀማቸው አሮጌ ሸክላዎች መርጦ ያሳተመው ስብስብ የፑልንና የኬሊ ሃረልን ድምፅ ለኒው ዮርክ ወጣቶች አደረሰ። በ1958 የተመሠረተው ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ የተባለው ቡድን ስሙ ሳይቀር የፑልን ቡድን ስም ያስታውሳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጆን ኤድዋርድስ ነው። አሜሪካን ረግጦ የማያውቅ አውስትራሊያዊ፣ በደብዳቤ ልውውጥ ብቻ ብርቅ የሆኑ ሸክላዎችን አጠራቅሞ በ1960 በ28 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ስብስቡ ለጥናት ይዋል ብሎ ተናዝዞ ነበርና ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ፤ በስሙ የተቋቋመው ድርጅት በ1962 ሥራ ጀመረ፤ በ1983 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ ወደ ቻፕል ሂል አመጣው፤ በ1989ም የደቡብ ፎክሎር ቤተ መዛግብት ሆኖ ተከፈተ። ከጥጥ ፋብሪካ ሰፈር የወጣው ድምፅ በአውስትራሊያ ዞሮ ከተወለደበት ቀዬ ጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ አረፈ።

በኤድዋርድስ ወዳጆች መካከል አርቺ ግሪን የተለየ ሰው ነው። ምሁር ከመሆኑ በፊት በመርከብ ግንባታ አናጺና የማኅበር አባል ነበር፤ ስለዚህ ሸክላውን ሲሰማ ከዜማው ይልቅ የሚጠይቀው ዘፋኙ የት ይሠራ እንደ ነበር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግሪንና ኤድ ካን ዴቭ ማካርንን ፈልገው አገኙት፤ ግሪን ወደ ኢስት ሮኪንግሃም ሄዶም በ1962 ዶርሲንና እህቱን ናንሲን ቀረጸ። ናንሲ በስምንት ዓመቷ ፋብሪካ የገባች ሴት ናት። ያኔ በፈትል ክፍሉ ከትልልቆቹ የሰማቻቸውን ዘፈኖች ከስድሳ ዓመት በኋላ አዜመችለት፤ አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት በኒው ኢንግላንድ የፋብሪካ ልጃገረዶች ዘንድ ይዘፈን ከነበረው ጋር የሚዛመድ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፋብሪካው የተራራን ዜማ ተቀብሎ ያበላሸ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሱ የቃል ውርስ ባልኖረው ነበር፤ እዚህ ግን ከማሳቹሴትስ እስከ ካሮላይና፣ ከፈታይ ወደ ፈታይ የሄደ ዘፈን እናያለን። ሸክላ ኩባንያ ናንሲን ፈልጎ አያውቅም፤ ሻርፕም ቢያገኛት ባለፋት ነበር። ያገኛት ስለ ሥራው የጠየቀ ሰው ነው። ዶርሲ በ1963 በኒውፖርት ፌስቲቫል መድረክ ላይ ቆመ፤ በ1968 ሞተ።

የቀጠለው ትውልድ የግሪንን መንገድ አሰፋው። በ1973 በቻፕል ሂል የተመሠረተው የቃል ታሪክ ፕሮግራም የፋብሪካ ሠራተኞችን በብዛት ቃለ ምልልስ አደረገ፤ በ1987 የታተመው «ላይክ ኤ ፋሚሊ» የተባለው መጽሐፍ የዚያ ፍሬ ነው። ኪኒ ሮረር የተባለው የፑል ዘመድ ደግሞ በ1982 የፑልን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳተመ፤ ዘመድም ሆኖ መጠጡን አልደበቀም። በወቅቱ የተደረገ መሆኑ መልካም ነበር፤ ፋብሪካዎቹ መዘጋት ጀምረዋልና። የፍራይስ ፋብሪካ በ1989 ተዘጋ። በሐምሌ 2003 በካናፖሊስ የነበረው ግዙፍ ፎጣና አንሶላ ፋብሪካ ተዘግቶ በኖርዝ ካሮላይና ብቻ ወደ 4,800 ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ከሥራ ወጡ፤ በግዛቲቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ቅነሳ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ከተሞቹ ሥራ ሲያጡ ወደ ሙዚቃው ዞሩ። ስፕሬይ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር በ1967 ተዋሕዳ ኤደን ተብላለች፤ በዚያ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፑል ስም ፌስቲቫል ሲካሄድ ቆይቷል። ሼልቢ በ2014 በቀድሞው ፍርድ ቤቷ የኤርል ስክራግስ ማዕከል ከፈተች። ይህ ቅርስ ነው ወይስ ቱሪዝም ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፤ ማጉረምረማቸውም መሠረት አለው። ጎብኚ የሚስበው ባንጆው እንጂ የኤላ ሜይ ጭነት መኪና አይደለም፤ የሎሬይ ፋብሪካ ዛሬ ውድ አፓርታማ ሆኗል፣ በአንድ ጥግ ትንሽ የታሪክ ማሳያ ቢኖረውም። ግን ፌስቲቫሉን መናቅ አይገባም፤ የሰፈሩ ልጅ የአያቱን መሣሪያ የሚያነሣበት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱ ሽልማትና ጭብጨባ ቢሆን ካርሰንም የጀመረው በውድድር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዜማው ተነጥሎ ሲሸጥ የሚቀረው ነገር ነው። ለምሳሌ የጥቁሮቹ ድርሻ ለብዙ ዓመታት ከፖስተሩ ላይ ጠፍቶ ቆይቷል። በ2005 የተመሠረተው ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ይህን ያስተካከለው በመግለጫ አይደለም፤ ሪያነን ጊደንስና ጓደኞቿ በሜባን ከተማ ወደሚኖረው ጥቁር የፊድል ሊቅ ጆ ቶምፕሰን ቤት እየተመላለሱ ተማሩ። ቶምፕሰን ዕድሜውን በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከእሱ ቤት የወጣው አጨዋወት በ2011 ግራሚ አገኘ፤ እሱ በ2012 በ93 ዓመቱ አረፈ።

አትላንታ ውስጥ ደግሞ ካርሰን የተቀረጸበት የናሶ ጎዳና ሕንፃ ሳይፈርስ ቆይቶ ነበር። የቅርስ ተቆርቋሪዎች አቤቱታ ቢያሰሙም በ2019 ለሆቴል ግንባታ ፈረሰ። የካቤጅታውን ፋብሪካ ግን ግንቡ አለ፤ አድመኞቹ ከተባረሩበት በር የሚገባው አሁን ተከራይ ነው።